ቦታ ተጨምሯል

ከባሏ ዱላ አምልጣ ሐዋሳ ከተደበቀች ገና ወሯ ነው። ሲሟን ሰባብራ ጥላለች፤ ስልኩን ግን የገዛላትም አካውንት ያወጣላትም እሱ ነው። ያ ስልክ ዛሬ «የኢንተርኔት ማከማቻው (ክላውዱ) ሞልቷል፣ ፎቶ አይቀመጥም» እያለ ሲነዘንዛት ሞባይል ጠጋኙ ጋ ይዛው ሄደች።

«ወይ ታጠፊያለሽ፣ ወይ በየወሩ እየከፈልሽ ቦታ ታስጨምሪያለሽ፣ የኔ እህት።»

«ምኑን አጠፋለሁ? አዲሱ ቤቴ በር ላይ የተነሳሁትን እንኳ ገና አይቼ አልጠገብኩም!»

ሁለቱም ሳቁ። ወዲያው ስልኩ ጮኸ፦ «ቦታ ተጨምሯል።»

«ጎሽ! ስንት ልስጥህ?»

«ኧረ እኔ አልነካሁትም! በዚሁ አካውንት የሚጠቀም ሌላ ሰው ነው የከፈለልሽ። የምታነሺው ፎቶ ሁሉ እኮ ከተነሳበት ቦታ አድራሻ ጋር እሱም ጋ ይገባል።»

የበሩን ፎቶ ከፈተችው። ከስሩ ተጽፏል፦

«ሰማያዊው በር ያምራል። መጣሁ።»