ባትሪው ሲዋሽ

ሙደሲር ጌጃ ሰፈር ባለችው ጠባብ ሱቁ ኮምፒውተር ሲጠግን ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ስክሪን በእጁ ተሰብሮበት ያውቃል፤ የሰው ፋይል ጠፍቶበት ያውቃል። የሰው ዕድል ሲያበላሽ ግን የመጀመሪያው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ከአባቷ ጋር የምትኖረው ኮከቤ የላፕቶፗ ኪቦርድ አልሠራ ብሏት አመጣችለት። ውጭ አገር ለመማር ነፃ የትምህርት ዕድል አመልክታ የመጨረሻው ዙር ላይ ደርሳለች፤ የቀራት በኢንተርኔት የሚደረግ ቃለ መጠይቅ ብቻ ነው። ሙደሲር ኪቦርዱን ቀየረላት። እዚያ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። «ይቺን የመሰለች ጎበዝ ልጅ በአሮጌ ሲስተም ፈረንጅ ፊት አትቀርብም» ብሎ፣ ማንም ሳይጠይቀው አፕዴት አደረገላት።

ከአፕዴቱ በኋላ የባትሪው ቁጥር መዝለል ጀመረ። ዘጠና ይላል፤ ጥቂት ቆይቶ ስድሳ፤ ከዚያ ተመልሶ ሰማንያ። ሙደሲር አይቶታል። አይቶም «ሲሠራበት ይስተካከላል» ብሎ አለፈው።

«ቁጥሩን ብዙ አትመኚው» አላት ሲያስረክባት። «ከፈለግሽ ለዚያ ቀን የኔን ላፕቶፕ ልስጥሽ።»

«ይበቃኛል ሙዴ፤ አታስብ።»

ቃለ መጠይቁ የዋለው በሰኔ ልደታ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። አባቷ ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ዕለቱን ቤተ ክርስቲያን ዋሉ። ስምንት ሰዓት ላይ የሕንፃው መብራት ሄደ። ኮከቤ ቤት ውስጥ ብቻዋን በላፕቶፑ ባትሪ ቀረች።

አሥር ሰዓት ላይ ደወለችለት። ድምፅዋ የረጋ ነበር።

«ገና ሰላም ሲሉኝ ላፕቶፑ ድርግም አለ» አለችው።

ሙደሲር ሱቁን ለጎረቤት አደራ ብሎ እየሮጠ ሄደ። ሦስተኛ ፎቅ ሲደርስ አባትየው ተመልሰው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። የጋሽ ገብረጊዮርጊስ ዓይን ከደከመ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ኮከቤ አገጫቸውን ይዛ ጠብታቸውን ታደርግላቸዋለች።

«የጠያቂዎቹን አድራሻ ስጪኝ» አላት። «ጥፋቱ የኔ መሆኑን ልጻፍላቸው። ሌላ ቀን ይስጡሽ።»

«ሁለተኛ ዕድል የለም ብለዋል። ያለፈ አለፈ፤ ራስህን አታስጨንቅ።»

ባትቆጣው ይብስ አንገበገበው። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ቢያንስ ልጠግነው ብሎ ላፕቶፑን ለመናት፤ «ምን ያደርግልሃል?» ብላ እንደ ማመንታት አለችና ሰጠችው።

ዐሥር ቀን የሌላ ደንበኛ ሥራ አልነካም። ባትሪውን እስከ አፉ ይሞላዋል፤ ጥርግ እስኪል ያደርቀዋል፤ ሰዓት ይዞ ቁጥሩን ከጊዜው ጋር ያስተያያል። የባትሪውን ድራይቨር፣ ቁጥሩን የሚያነበውን ፕሮግራም፣ አጥፍቶ እንደገና ጫነ። በዐሥረኛው ቀን ቁጥሩ መዝለሉን ትቶ አንድ በአንድ መውረድ ጀመረ። የዘገየ ጥገና ግን ምን ይጠቅማል?

ላፕቶፑን ይዞ ሲሄድ ኮከቤ መድኃኒት ቤት ሄዳለች። በሩን የከፈቱለት ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ናቸው፤ ግድግዳውን እየዳበሱ።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አላቸው፣ ገና ሳይቀመጥ።

የሽማግሌው ዓይን እንባ አቀረረ።

«አንተ ልጅ፣ በከንቱ አትቃጠል። ለሷ አፌን አውጥቼ መናገር አቅቶኝ ነው እንጂ ጥፋተኛው እኔ ነኝ። ፊት ለፊት ‹ሂጂ ልጄ፣ ተማሪ› እላታለሁ። የዚያን ቀን ግን ልደታ ማርያም ደጅ ወድቄ ‹አትውሰጂብኝ፣ ማን አለኝ?› ብዬ ተሳልኩ። ሰማችኝ። መብራቱም ጠፋ፤ ኮምፒውተሩም ጠፋ። የልጄን መንገድ በስለት ዘጋሁት።»

ሙደሲር የሠራው ጥፋት ዞሮ የኚህን ሽማግሌ ልብ ሲበላ ከርሟል ማለት ነው።

«ጋሼ፣ በሞቴ! ስለት አይደለም። የኔ አፕዴት ነው።»

«አታባብለኝ።»

«አላባበልኩም። ኮምፒውተሩ ሁሉን ይመዘግባል፤ ባትሪው ስንት እንደነበር፣ በስንት ሰዓት እንደጠፋ፣ ባትሪው አልቆ ይሁን ሰው ዘግቶት። አሳትሜ አመጣልዎታለሁ። በወረቀት ያምኑኛል።»

ላፕቶፑን ይዞት ተመለሰ፤ መዝገቡን አውጥቶ ጎረቤት ፎቶ ኮፒ ቤት አሳተመው። ስድስት ገጽ ሆነ። የሚለውን ያውቀዋልና ሳያነበው አጥፎ ኪሱ ከተተው።

በማግሥቱ ሲሄድ ኮከቤ ነበረች። ላፕቶፑን አስረክቧት ወረቀቱን ሲያወጣ አየችው።

«የምን ወረቀት ነው?»

«ጥፋቴ ነው» አለ ሙደሲር። «አባትሽ እንዲሰሙት ነው።»

«ተወው ሙዴ። የከሰሰህ ሰው የለም።»

«አይ፣ ይንገረኝ» አሉ አባትየው። «ልጄ፣ አንብብልኝ።»

ሙደሲር ከዐሥር ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቱ ቀለል አለው። ጥፋትን አምኖ ከመናዘዝ የበለጠ ምን ዕረፍት አለ? ገጾቹን ገለጠ፤ ሰኔ አንድን ፈልጎ አገኘ፤ መስመሩ ላይ ጣቱን አሳረፈና አፉን ሊከፍት ሲል ቀድሞ ዓይኑ አነበበው።

«ለዘጠኝ ሰዓት አምስት ጉዳይ፦ በተጠቃሚ ትእዛዝ ተዘጋ።»