የሙሽራዋ እናት ቀሚስ

ልብስ ሰፊዋ የሰማያዊውን ሺፎን ጫፍ በወይዘሮ ትብለጥ ትከሻ ላይ ጣል አደረገችው። የልጃቸው ሠርግ ከፋሲካ በኋላ ነው፤ በድሬዳዋ ሙቀት ወፍራም ጨርቅ አይታሰብም።

«ያምርብዎታል። ብቻ ሙሽራዋን እንዳያስረሱብን።»

ወይዘሮ ትብለጥ በመስታወቱ ውስጥ ጨርቁን ብቻ አዩ። «ቀላል ነው። ይኸው ይሁን።»

ሜትሩን ስታነሳ እጇን ያዙና ከዘንቢላቸው አንድ አሮጌ ቀሚስ አወጡ። «በዚህ ልክ ስፊው።»

«ይሄማ በጣም ይሰፋዎታል፣ እትዬ።»

«የእህቴ ነው። ሐኪሙ እኔን ‹ለፋሲካ አይደርሱም› ብሎኛል። በሠርጉ ቀን በእኔ ቦታ የምትቆመው እሷ ናት። ጨርቁን ግን እኔ ልምረጥላት ብዬ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ሺፎኑን ከትከሻቸው ላይ አነሳች። አሮጌውን ቀሚስ በላዩ ዘርግታ ዙሪያውን በጠመኔ አሰመረች፤ ቆርጣ ስትጨርስ መቀሱን አስቀመጠች።