አምፖሎቹ እስኪሞቁ

ራዲዮ ጠጋኙ የአምፕሊፋየሩን ማብሪያ ተጫነና አራቱ የመስታወት አምፖሎች ቀስ እያሉ እንደ ፍም ሲቀሉ ተመለከተ። ታላቅ ወንድሙ ሶፋው ላይ ሆኖ እጅ እጁን ያየዋል። ጠጋኙ ከዚህ በፊት ሁለት አምፕሊፋየር ገጥሞለት ወንድሙ ሁለቱንም መልሶበታል፤ ያውም በዘመድ ፊት። «ድምፁን ገደልከው! ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ምን ያውቃል?» ያቺ ቃል እንደ እሾህ ተሰክታበት ቀርታለች። ስለዚህ ይህን ባለ አምፖሉን ራሱ መርጦ፣ ሽቦውን ራሱ በይዶ፣ ስፒከሮቹን በስንዝር እየለካ አቆማቸው።

አምፖሎቹ ሞቁ። ከሸክላ ማጫወቻው የዘፋኟ ድምፅ ከነትንፋሿ ክፍሉን ሞላው፤ አንዲት ኮሽታ እንኳ የለበትም። አሁንስ ምን ይል ይሆን ብሎ ቀና አለ።

«ምን ትጠብቃለህ? አብራው እንጂ!» አለ ወንድሙ።

የጠጋኙ ደም ፈላ። የዓመታት መልሱ ሁሉ አፉ ላይ መጣ። ወንድሙ ግን እየቀለደ አልነበረም፤ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ከሶፋው አጠገብ ካለው ስፒከር ጨርቅ አስጠግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ዘፈኑ እስኪጀምር ይጠብቃል። በሩ ላይ የቆመችው የወንድሙ ሚስት አንገቷን ደፋች።

ጠጋኙ ያጠራቀመውን ዋጠው። ወደ ወንድሙ ጆሮ ተጠግቶ፣ ጮክ ብሎ «አምፖሎቹ ገና አልሞቁም፣ ጋሼ» አለና የድምፁን መዘውር ያዞር ጀመር። የመስኮቱ መስታወት ሲንቀጠቀጥ የወንድሙ ፊት በራ።

«አሁን ገና ሙያ ገባህ!» አለው።

«አዎ ጋሼ» አለ ጠጋኙ። «አሁን ገና ገባኝ።»