«ልጆች ይሳሳታሉ» ያልኩበት ቀን

«ተነሺ! ውጪልኝ ከዚህ!» ብዬ ጮህኩባት…

አስር ተማሪ እያየ።

ሒክማ ደብተሯን ሰበሰበች፣ ሻርፗን አስተካከለች፣ ወጣች።

ጥፋቷ ምን መሰላችሁ? ልክ መሆኗ!

የዚህ ገጽ አድሚን ነኝ። እስከ ዛሬ የሰው ገመና ስጽፍላችሁ «ምን ዓይነት ጨካኝ ነው!» እያላችሁ ኮሜንት ስታደርጉ ኖራችኋል… ዛሬ ተራው የኔ ነው። እንደፈለጋችሁ ስደቡኝ።

ክረምቱን ሸዋ ሮቢት ላይ ለሃይስኩል ልጆች ፕሮግራሚንግ አስተምር ነበር። በነጻ። (በነጻ መሆኑንም ለሰው ሁሉ ሳወራ ነው የከረምኩት፣ እሱም ሌላ ኃጢአት ነው።)

ልጆቹ የራሳቸውን ትንሽ የፕሮግራም ቋንቋ ይፈጥራሉ። ከዚያ ኢንተርፕሪተር ይሠሩለታል… በዚያ ቋንቋ የተጻፈውን ትእዛዝ እያነበበ የሚፈጽም ፕሮግራም ማለት ነው።

ሒክማን የሚያህል አልነበረም። ቤቷ ኮምፒውተር የለም። ኮዱን ደብተር ላይ በእስክሪብቶ ጽፋ ትመጣና ላፕቶፔ ላይ ትገለብጠዋለች… በመጀመሪያው ሙከራ ይሠራል!

ትምህርቱ እኩል ሲደርስ ፈተና ሰጠኋቸው። አንደኛ የወጣ አዲስ አበባ ሄዶ ሦስት ወር ይሰለጥናል፣ ላፕቶፕም ይሰጠዋል።

አንድ ልጅ ብቻ።

ሃያ ጥያቄ ነበር፣ ልጆቹ በየራሳቸው ኢንተርፕሪተር የሚመልሱት። መልሶቹን ያወጣሁት እኔ ራሴ በሠራሁት ኢንተርፕሪተር ነው። የልጆቹን ከኔ ጋር እያመሳከርኩ አረምኩ።

ብሩክ የሚባለው ልጅ ሃያ ከሃያ። ሒክማ አስራ ስድስት።

ውጤቱን ሳነብ ብድግ አለች።

«ቲቸር ይቅርታ… የተሳሳተው የእርስዎ ነው።»

«የኔ? ጭራሽ ልታርሚኝ ነው?»

«አስር ሲቀነስ ሦስት፣ ሲቀነስ ሁለት… የእርስዎ ዘጠኝ ይላል።»

«እና?»

«እኛ ቤት አስር ኩንታል ሽንኩርት አለ እንበል። ሦስቱን ሸጥን፣ ሁለቱ በሰበሰ። ዘጠኝ ኩንታል ከየት መጣ?»

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ።

እዚህ ጋ «አልገባኝም ነበር» ብዬ ልዋሻችሁ እችላለሁ… ገብቶኛል! እዚያው ነው የገባኝ። የኔ ኢንተርፕሪተር የሚቀንሰው ከኋላ ጀምሮ ነበር። መጀመሪያ ከሦስት ሁለት ያነሳል፣ አንድ ይቀረዋል። ያንን አንድ ከአስር ቀንሶ ዘጠኝ ይላል።

ከግራ ጀምሩ ብዬ ያስተማርኳቸው ራሴ ነኝ። እሷ ያስተማርኳትን ሠራች። ብሩክ ደግሞ ክፍል ውስጥ ያሳየኋቸውን የኔን ኮድ እንዳለ ስለገለበጠ ስህተቴንም አብሮ ገልብጦታል።

ምን ነበረበት «ልክ ነሽ» ብል?

ሳቃቸው ግን አናደደኝ። «እዚህ የሽንኩርት ገበያ አይደለም!» አልኩና አባረርኳት።

ብሩክ አዲስ አበባ ሄደ።

በሳምንቱ ደወለልኝ።

«ቲቸር! በመጀመሪያው ቀን ያቺኑ የመቀነስ ጥያቄ ሰጡን፣ የኔ አምስት አለ! አለፍኩ!»

«እንዴት… እንዴት አምስት አለ?»

«ሒክማ ናታ! ከመሄዴ በፊት ማስተካከያውን ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጠችኝ። ‹እዛ ሄደህ ቲቸርን እንዳታሰድብ› አለችኝ።»

ስልኩን ዘጋሁት።

በማግስቱ ከሰዓት በሬ ተንኳኳ።

ጋሽ ኸድር ናቸው፣ የሒክማ አባት። ከማሳ ነው የመጡት፣ ቦት ጫማቸው ጭቃ ነው። አንድ ፌስታል ማሾ ይዘዋል። ሒክማ ከኋላቸው ቆማለች።

አለቀልኝ አልኩ።

«መምህር… አውፍ ይበሉን፣ ይቅር ይበሉን» አሉኝ።

«ምን አድርጋችሁ?»

«ልጄ ሰው ፊት ተከራክራዎት ኖሯል። ከጎረቤት ልጅ ሰምቼ ብጠይቃት ‹አባዬ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ቲቸር ልክ ናቸው› አለችኝ። ወላሂ አፈርኩ! አስተማሪዋን ካላከበረች ምን ትሠራለች፣ ትቅር ብዬ ነበር… አልቅሳ ለመነችኝ። እርስዎ አውፍ ካሏት ትቀጥል።»

ገባችሁ አይደል? «ልክ ነበርኩ» ብትላቸው «ጭራሽ!» ብለው ሊያስቀሯት ነው። ለመማር ስትል የኔን ጥፋት ተሸከመች።

ቀና ብላ አየችኝ። አልለመነችኝም፣ አልተቆጣችም። እየጠበቀች ነበር።

«ጋሽ ኸድር፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።» ይቺን ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

እኔ ምን አደረግሁ?

ማሾውን ተቀበልኩና…

«ምንም አይደል ጋሼ… ልጆች ይሳሳታሉ» አልኩ።

አልኩ! በዚህ አፌ!

እሳቸው መርቀውኝ ሄዱ። ሒክማ ዞር ብላም አላየችኝ።

አባቷ ፈቅደውላታል… እሷ ግን ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልመጣችም። ሦስት ሳምንት ሆነ። መንገድ ላይ ሒጃብ ያደረገች ልጅ ባየሁ ቁጥር መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እላለሁ።

ወገኖቼ፣ ኢንተርፕሪተሩን በአምስት ደቂቃ አስተካክዬዋለሁ። ስህተቱ ያን ያህል ትንሽ ነበር! እኔን ያዋረደኝ ስህተቱ አይደለም፣ «ልክ ነሽ» ማለትን ሞት ማድረጌ ነው። ያስተማራችሁት ልጅ ሲበልጣችሁ እሰይ በሉ። ድካማችሁ ፍሬ አፈራ ማለት ነው። እኔ ፍሬዬን በገዛ እጄ አባረርኩ።

ነገ እነ ሒክማ ቤት ልሄድ ነው። ከብዕር ስም ጀርባ ተደብቆ መናዘዝ በቃኝ። ያጣችውን ዕድል ግን በምን እንደምክስ አላውቅም…

እስቲ ፍረዱኝ፦ ሰው ፊት አዋርጃት ቤቷ ሄጄ ብቻዋን ይቅርታ ብላት ይቅርታ ይባላል? ወይስ አባቷንም ልጆቹንም ሰብስቤ፣ እዚያው ባባረርኳት ክፍል ውስጥ ልናገር?

እናንተ ጋሽ ኸድርን ብትሆኑስ… አውፍ ትሉኝ ነበር?