መላጨት የተከለከለች ሐዘንተኛ

በ2094 ዓ.ም. የካቲት ውስጥ፣ እናታችን ባረፈች ማግስት ጠዋት፣ በፀጉር ቤቱ ሦስት ሰዎች ነበርን፤ ፀጉር ሠሪዋ እትዬ ዘርፌ፣ እህቴ ስንዱ እና እኔ።

ስንዱ ከቀብሩ በፊት እንደ ወጉ ፀጉሯን መላጨት ፈልጋለች። መላጫው ግን በየፀጉር ቤቱ በሕግ የተተከለው፣ ለሰው ሁሉ የፀጉር አሠራር የሚመርጠው መስታወት ካልፈቀደ አይሠራም። መስታወቱ ፊቷን ለካና፣ «ክብ ፊት ነው፤ መላጨት አይስማማውም። የዘንድሮው ምርጫ ግንባር የሚሸፍን ጥቅልል ነው» አለ።

«አምና ሞላላ ነሽ ብሎኝ አልነበር?» አለች ስንዱ።

«ፋሽኑ ሲለወጥ ፊትም አብሮ ይለወጣል፣ የኔ እናት» አሉ እትዬ ዘርፌ።

«ምላጭ የለዎትም?»

«ምላጭ ከተገኘብኝ ቤቴን ያሽጉታል።»

«እናቴ እኮ ናት የሞተችው! ሳልላጭ ሰው ምን ይለኛል?»

እትዬ ዘርፌ አንገታቸውን ደፍተው ለመስታወቱ ሐዘን መሆኑን ነገሩት። መስታወቱም፣ «ነፍስ ይማር» አለና ለጥቅልሉ ጥቁር ቀለም ጨመረበት። በሩ የተመረጠው ሳይሠራ ስለማይከፈት ስንዱ እያለቀሰች ተቀመጠች። እኔ እጇን ይዤ ቆምኩ።

መስታወቱ ካልደረሰበት ገጠር የመጣችው አክስታችን ቀብሩ ላይ ስንዱን አየቻት። «ለሠርግ ነው እንዴ የተሠራሽው?» አለቻትና ሳታቅፋት አለፈች።