የሚገጠመው ማይክሮዌቭ

በእኛ ቤት ጭንቅላቱ የሚሠራ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። ማይክሮዌቫችን የተቃጠለ ጊዜ አዲሱን እማዬ ብቻዋን ብትመርጠው ኖሮ አልቆልን ነበር።

እሷ የፈለገችው እንደ ድሮው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን ነው። እኔ ግን ካቢኔት ውስጥ የሚገጠመው ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። ምክንያት አለኝ። የድሮውን ማይክሮዌቭ ጎረቤታችን እትዬ አልታዬ "ላንዳፍታ" እያሉ አቅፈውት ይሄዱ ነበር፤ እኔ ለምሳ ከትምህርት ቤት ርቦኝ ስመጣ ባዶ ጠረጴዛ ይጠብቀኝ ነበር። ቀዝቃዛ ምሳ ሰልችቶኛል።

"ቤት ስንቀይርስ፣ ነቅለን ልንሄድ ነው?" አለች እማዬ።

"እትዬ አልታዬ እንዳይነቅሉት ነው እኮ የምልሽ።"

ሳቀችና ተሸነፈችልኝ።

አናጺው መጥቶ በብሎን ጥብቅ አድርጎ ገጠመው። በማግስቱ ትኩስ ሽሮ እያሰብኩ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ እየሮጥኩ ወጣሁ። በሩ ክፍት ነው። ኩሽና ስገባ እትዬ አልታዬ ማይክሮዌቩ ፊት ተቀምጠው ወጣቸው እስኪሞቅ ይጠብቃሉ። ከኋላቸው የላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን ምንትዋብ፣ ከእሷም ኋላ ሁለት ሴቶች ሳህን ይዘው ቆመዋል። ለካ እትዬ አልታዬ የድሮውን ሲወስዱትም ሁሉም እሳቸው ቤት ነበር የሚሰለፉት። እማዬ ደግሞ ወንበር ታቀርብላቸዋለች።

"እትዬ አልታዬ፣ እንደ ድሮው ቤትዎ ወስደው ቢያሞቁስ?" አልኩ እየተቁለጨለጭኩ።

ዞር ብለው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

"እንዳይነሳ ያስቸነከርሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ? በይ ሂጂ ከኋላ ተሰለፊ።"