ምስሉ አዲስ አበባ ደረሰ

ከአዲስ አበባ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ የሚገኘው ሆስፒታል ሲቲ ስካን ማሽን ቢኖረውም፣ ምስሉን የሚያነብ ስፔሻሊስት አልነበረውም። ምስሉ በሲዲ እየተገለበጠ በአውቶቡስ ይላክ ነበር። ዛሬ ግን የኮምፒውተር ባለሙያው ከማለዳ ጀምሮ ሰርቨሩ ፊት ተቀምጦ የፋይል መላኪያ ፕሮግራም ይጭናል። ፕሮግራሙ በማውዝ የሚነካ ነገር የለውም፤ ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ እየተጻፈለት ነው የሚሠራው። ይህን ፕሮግራም የመረጠው ኔትወርክ ሲቋረጥ መላኩን ከቆመበት ስለሚቀጥል ነው።

ሲስተር አስካለ ዳቦና ሻይ አመጣችለት። «ትንሽ እንኳ ቅመስ እንጂ።»

«መጀመሪያ ይሄ ይሂድልኝ፣ ሲስተር።»

ኔትወርኩ ደጋግሞ ተቋረጠ፤ እሱም ደጋግሞ ትእዛዙን ጻፈ። ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ፋይል ተላከ። ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ጠራ። አጠገቡ የቆመችው ሲስተር አስካለም እንድትሰማ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ድምፅ ማጉያውን ከፈተው።

«ዶክተር ሰብለ ነኝ፣ ከአዲስ አበባ። ምስሉ ጥርት ብሎ ደርሶኛል። እጅዎ ይባረክ! ከእንግዲህ ስንቱ በሽተኛ ከእንግልት ይድናል።»

«ውጤቱስ፣ ዶክተር?»

«ለልጅቷ ሐኪም እጽፋለሁ። ዕጢው በጣም ተስፋፍቷል፤ ለቀዶ ጥገና የሚሆን አይደለም። ገና ሕፃን ናት፣ ታሳዝናለች። ወላጆቿ ከአጠገቧ ባይለዩ ጥሩ ነው።»

ሲስተር አስካለ ስልኩን ለመዝጋት እጇን ዘረጋች። እሱ እጇን ቀስ አድርጎ መለሰው።

«እናቷ አጠገቧ ናት፣ ዶክተር» አለ። «እኔም አሁን ልጄ ጋ ልሄድ ነው።»